«አለ» አትበልብኝ

ይሄን ያወራችልኝ ፈሪሃ ናት፤ «አላህ ምስክሬ ነው» ብላ ነው። እኔ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት... ጠራራ ፀሐይ።

ወንድሟ አብዱልሃዲ ከማጀቴ ገበያ ታፍሶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ፣ እናታቸው ሙሀባ እህል በአፏ አይዞርም ነበር። ፈሪሃ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቷም ልጇን ተከትላ እንዳትሄድባት።

ያን ቀን አንድ ወታደር መጣ። ስሙ ጌታቸው፣ የአብዱልሃዲ ጓደኛ። መርዶ ይዞ ነው የመጣው።

ለቅሶው ጋብ ሲል ፈሪሃ ፓፓያ ቆርጣ አቀረበችለት። አልነካውም።

ዝንቦቹም አልነኩትም... ፓፓያውን ትተው የሰውየው ከንፈር ላይ ሰፈሩ። እሽ እንኳ አይላቸውም።

ቀፈፋት።

«ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ» አለ ጌታቸው በሹክሹክታ። «‹ለእናቴ ቃሌን አድርስልኝ› አለኝ። ‹ጠማኝ በላት› አለ። ‹ቁስሌ ተልቷል በላት› አለ...»

ሙሀባ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

«ልጄ... ‹አለ›፣ ‹አለ› አትበልብኝ። እሱ እንዳለው አድርገህ ንገረኝ። ድምፁ ናፈቀኝ።»

የጌታቸው ፊት አመድ መሰለ።

«ይቅርብዎ፣ እትዬ። ‹አለ› የምለው... የሱ ድምፅ እሱው ጋ፣ የኔም እኔው ጋ እንዲቀር ነው። መንገዱን ሁሉ እንደዚያ እያልኩ ነው የመጣሁት።»

«በእናትህ!»

«እማ፣ ተይው» አለች ፈሪሃ። ማን ይስማት!

ወታደሩ ዓይኑን ጨፈነ።

«እማ... ጠማኝ።»

የአብዱልሃዲ ድምፅ ነው። የሚመስል አይደለም... ራሱ ነው።

ቤቱን ፀሐይ ላይ የሰነበተ ሥጋ ሽታ ሞላው። ፈሪሃ በሻርፗ አፍንጫዋን ያዘች። ከሰውየው ከንፈር ጥግ አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ... ትል ነበር። እየተሳበ ወደ አገጩ ወረደ። እኔ እንኳ ስጽፈው ምራቄ ይመርረኛል።

«እማ... ደጅ ቆሜያለሁ። መግቢያ አጣሁ።»

«ና ግባ፣ የኔ ልጅ!» አለች ሙሀባ።

ጌታቸው ተንቀጠቀጠ። ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ ወዝ አግኝቷል። ዝንቦቹ ጥለውት ተነሱ።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ፣ አሁን በራሱ ድምፅ። ቆቡን እንኳ ሳያነሳ ወጥቶ ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ሮጠ።

ሽታው ግን አብሮት አልወጣም።

ፈሪሃ እስከ በር ተከትላው ስትመለስ እናቷ ጣሳውን አንስታ ውሃ ትጠጣለች። ጨረሰችና ቀዳች። ያንንም ጨርሳ እንደገና ቀዳች... ውሃው በአገጯ ወርዶ ደረቷን አረጠበው።

«እማ... ደህና ነሽ?»

ሙሀባ ዞር አለች። ዝንብ ከንፈሯ ላይ አረፈ። እሽ አላለችውም።

አፏን ከፈተች... የወጣው የአብዱልሃዲ ድምፅ ነው።

«እማ ‹ና ግባ› አለችኝ» አለ። «ገባሁ።»