የኩቹ ድምፅ

ስብሓት የሞተው በእኩለ ቀን፣ ጩኸት በማይወጣባት ክፍል ውስጥ ነው።

ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ካለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ «ፈረቃ» የተባለው የአኒሜሽን ኮሜዲ ለአሥራ አራት ዓመት የተሠራበት ስቱዲዮ አለ። የቀረጻ ክፍሉ ግድግዳ በስፖንጅ ተለብጧል፤ በሩም እንደ ፍራሽ የወፈረ ነው። ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የድምፅ ባለሙያው ጸጋአብ ያንን በር ሲከፍት የኮሜዲውን ደራሲ ከበሩ ሥር ተኮራምቶ አገኘው። ሰውነቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልቀዘቀዘም፤ ከንፈሩ ግን ጠቁሯል።

ኢንስፔክተር ላጲሶ ሲደርስ አራቱ ባልደረቦች ኮሪደሩ ላይ ተራርቀው ቆመው ነበር። ላጲሶ አጭር፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት የሒሳብ መምህር ነበር፤ አሁንም ሰው ሲመልስለት የተማሪ ደብተር እንደሚያርም አስተማሪ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል።

«አስም ነበረበት» አለች ዳይሬክተሯ ሳምራዊት። «ኢንሄለሩን ረስቶ ነው የገባው። ጃኬቱ ኪስ ውስጥ አገኘነው። መድኃኒቱ አሥር እርምጃ ርቆ እሱ እዚያ ታፍኖ ሞተ! ማንም አልሰማውም፣ ማንም!»

«ስልክ አልነበረውም?»

«ስልክ ወደ ቀረጻ ክፍል አይገባም። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው።»

ላጲሶ ወንበር ላይ የተሰቀለውን ጃኬት ዳሰሰ። እስከ ገበሩ በስብሷል። ከኪሱ አንድ ሶፍት አወጣ፤ ረጥቦ እንደ ሊጥ ላሽቋል። ከዚያው ኪስ የወጣውን ኢንሄለር ግን ረዘም ላለ ጊዜ አገላብጦ አየው። ፋርማሲስቱ የአወሳሰዱን መጠን በእስክሪብቶ የጻፈባት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋበታለች። ቀለሙ አልፈሰሰም፤ ወረቀቷም ደረቅ ናት።

«ዝናቡ መቼ ነው የመታው?» ሲል ጠየቀ።

«ስድስት ሰዓት ከሃያ ገደማ» አለ ጸጋአብ። «ከመድኃኔዓለም በእግሩ መጥቶ ነው። ጃኬቱን አውልቆ ሰቀለና አዲሱን ድርሰት ፕሪንት ማድረግ ጀመረ። ስድስት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ‹ሦስት ገጽ ብቻ!› ብሎ ፕሪንተሩን ሲሳደብ ሰምቻለሁ። እኔ ጄኔሬተሩን ላስነሳ ወረድኩ፤ አልነሳ ብሎኝ እዚያው ቀረሁ።»

«ሦስቱ ገጾች የታሉ?»

ጸጋአብ ወደ ፕሪንተሩ ዞረ። ባዶ ነው።

ላጲሶ ወደ ቀረጻ ክፍሉ ገብቶ ተንበረከከ። ስብሓት በባትሪ ሊሠራበት ይዞት ከገባው ላፕቶፕ ሥር ጥፍር የምታህል የተቀደደች የወረቀት ጥግ አገኘ። «3» የሚል የገጽ ቁጥር አለባት። የሟቹን እጆች ገልብጦ አየ። የሁለቱም መዳፍ ጠርዝ አብጦ ጠቁሯል። ቀና ብሎ በሩን መረመረው፤ ቁልፍ የለውም፣ ሲገፉት በቀላሉ ወደ ውጭ ይከፈታል።

አንድ በአንድ ሊያነጋግራቸው ወሰነ። እርስ በርስ እንዳይነጋገሩም አንድ ፖሊስ አጠገባቸው አቆመ።

መጀመሪያ የገባችው ሳምራዊት ናት።

«ስለ ሥራው ይንገሩኝ» አላት። «ልጆቼ በእሱ ነው ያደጉት። እኔ ግን የማውቀው አባትየውን ብቻ ነው።»

ሳምራዊት ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም። «ስንጀምር አባትየው ምንም አልነበረም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ቤተሰብ ነው፤ ታሪኩ ሁሉ የሚታየው በአሥር ዓመቱ ልጅ በኩቹ ዓይን ነበር። አገር ሙሉ የኩቹን አነጋገር ይደግም ነበር። ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ግን ተመልካቾቻችን አደጉ፤ ኩቹ አላደገም። ያደገ ሰው በልጅ አይስቅም፣ በራሱ ነው የሚስቀው። አባትየው፣ ጋሽ ወንድይፍራው፣ በየክፍሉ እየገፋ እየገፋ መሃሉን ያዘ። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነም። አንድ ቀን ዞር ብለን ስናይ ኩቹ በር ከፍቶ ‹አባዬ፣ አንድ ሰው መጥቷል› የሚል ልጅ ሆኖ ቀርቷል።»

«አዲሱ ድርሰትስ?»

«ስብሓት ሁሉንም ሊገለብጠው ነበር። ‹ልጁን ስናጣ ቤቱን የሚያይልን ዓይን ነው ያጣነው› ይል ነበር። ኩቹን ወደ መሃል መልሶ ጋሽ ወንድይፍራውን ሊያሳንሰው ነው። መብራቱ ከሄደ በኋላ በስልኩ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቀው። እኔ ምሳ ቤት ሆኜ አነበብኩት።» አንገቷን ደፋች። «ለጋሽ ደጀኔ ከባድ ነው። የአባትየው ድምፅ እሱ ነው።»

ደጀኔ ሲገባ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ ከማለት ወደቀ ማለት ይቀላል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ልጆች መንገድ ላይ በሳቁ የሚያውቁት ሰው። አሁን ሳቁ የት እንደገባ አይታወቅም።

«ለሳምራዊት ‹ይሄ ሰውዬ ጨርሶኛል› የሚል የድምፅ መልእክት ልከዋል» አለው ላጲሶ።

«ልኬያለሁ። አልክድም።» ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ምን ልሁን እኔ? ከዚህ ሌላ የት እሄዳለሁ? ቤቴ ውስጥ እንኳን ልጆቼ የሚያናግሩት ወንድይፍራውን ነው። አንብቤው ምሳዬን ትቼ ወጣሁ። ልደበድበው ፈልጌ ነበር፣ እውነቱን ልንገርዎት። ግን ደረጃው ጋ ስደርስ ተመለስኩ። ጋራዡ ግንብ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ማንም የለም።» ቀና አለ። «እኔን ነው የምትይዙት፣ አይደል? እኔም ብሆን እኔን ነበር የምይዘው።»

ላጲሶ ተነስቶ በሩን ከፈተለት።

መጨረሻ ላይ ለተብርሃን ገባች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ነጠላዋን ከአገጯ ሥር አጥብቃ የያዘች። አሥራ አራት ዓመት የኩቹ ድምፅ ሆና ሠርታለች። ስትናገር ድምፅዋ አሁንም የልጅ ነው፤ ላጲሶ ሳያስበው ልጆቹ ትንንሽ የነበሩበት ሳሎን ትዝ አለው።

«ስብሓትን ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል?»

«መቀሌ አንድ ክፍል ተምረናል። ወደዚህ ሥራ ያመጣኝ እሱ ነው። አስተማሪ ነበርኩ፤ ‹ለተይ፣ ይሄ ድምፅሽ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ባከነ› ብሎ አስወጣኝ።»

«ዛሬ አነጋግረውታል?»

«አላገኘሁትም። መብራት ሲጠፋ ወርጄ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር።»

«ሥራው ለእርስዎ እንዴት ነው?»

ለተብርሃን ነጠላዋን እንደገና አጠበቀች። «የመጀመሪያው ዓመት ጉሮሮዬ ደም እስኪመስል አወራ ነበር። አሁን ሲኤምሲ ከምኖርበት ድረስ ሁለት ታክሲ ይዤ የምመጣው አራት ቃል ለመናገር ነው። አራት ቃል ተናግሬ እመለሳለሁ። ባል አላገባሁም፣ ልጅ አልወለድኩም። ያለኝ እሱ ብቻ ነው... ኩቹ። ሰው ልጁ ዓይኑ ሥር እየከሳ ሲሄድ እንደሚያይ ያህል ነው።»

«ከአሁን በኋላስ ምን ያስባሉ?»

«ምን አስባለሁ? ኩቹ ከተቀበረ በኋላ እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

ላጲሶ አንገቱን ዘንበል አደረገ። «ከተቀበረ?»

«ማለቴ... ስብሓት ከሌለ እሱም አብሮ ሞተ ማለት ነው» አለች ፈጠን ብላ።

«ገባኝ» አለ ላጲሶ፤ ማስታወሻውንም ዘጋ።

ወጥቶ ጸጋአብ የከፈተለትን የስብሓትን ስልክ ተቀበለ። ስብሓት የለቀቀውን ድርሰት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ መልእክቱን ማን ማን እንዳየው የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈተ። ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ፤ ይህን ሥራ ከጀመረ ወዲህ መልሱን ባያገኘው ደስ የሚለው ጥቂት ጊዜ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራቱንም ከቀረጻ ክፍሉ ፊት ለፊት፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰባቸው። አስከሬኑ ተነስቷል። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ሳምራዊት ይህ አደጋ ነው ብለዋል» ሲል ጀመረ። «አይደለም። ጃኬቱ ውስጥ ያለው ሶፍት በዝናብ ላሽቋል። እዚያው ኪስ ውስጥ የተገኘው ኢንሄለር ላይ ያለው ወረቀት ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ ስብሓት በዝናብ ሲመጣ ኢንሄለሩ ጃኬቱ ውስጥ አልነበረም። በኋላ ያስገባው ሰው አለ።»

ላጲሶ ጣቱን ወደ በሩ ቀሰረ።

«ሁለተኛ፣ እጆቹ ቆስለዋል። በሩን ደብድቧል። በሩ ቁልፍ የለውም፤ ገፋ ቢያደርገው ይከፈት ነበር። የሚከፈት በር የሚደበድብ ሰው የለም። ከውጭ በኩል አንድ ሰው በሩን ተደግፎት ቆሞ ነበር።»

ሳምራዊት አፏን በእጇ ሸፈነች። ደጀኔ ቁና ቁና ተነፈሰ። «እኔ አይደለሁም» አለ። «በእግዚአብሔር ስም፣ እኔ አይደለሁም!»

«አዎ፣ እርስዎ አይደሉም» አለው ላጲሶ። «ምክንያት ያለዎት እርስዎ ብቻ ስለሚመስሉ ለረጅም ጊዜ አሰብኩበት። ግን ገዳዩ ሦስቱን ገጾች ከፕሪንተሩ አንስቶ ወደ ክፍሉ ይዞ ገብቷል። ሲጨቃጨቁ የሦስተኛው ገጽ ጥግ ተቀደደች። እርስዎ ድርሰቱን ከዳር እስከ ዳር በስልክዎ አንብበዋል፤ ጸጋአብና ሳምራዊትም እንደዚያው። ስልኩ ላይ ስማችሁም ሰዓቱም አለ፤ ሦስታችሁም እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ አይታችሁታል። ሙሉውን ያነበበ ሰው ሦስት ገጽ ይዞ ለጠብ አይመጣም። ይዞ የመጣው ከሦስቱ ገጽ ሌላ የማያውቅ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ለተብርሃን ዞሩ።

«እሷ?» አለች ሳምራዊት። «ኢንስፔክተር፣ ተሳስተዋል! እሱን የመግደል ምክንያት የሌላት እሷ ብቻ ናት! ድርሰቱን የጻፈው ለእሷ እኮ ነው!»

ለተብርሃን ቀስ ብላ ቀና አለች። «ምን አልሽ?»

«ቴሌግራም ግሩፑን አይከፍቱትም፤ አይደል?» አላት ላጲሶ በለሰለሰ ድምፅ።

«ካየሁት ስድስት ወር ሆኖኛል። በተከፈተ ቁጥር ሌላ ድርሰት ነው፤ በተከፈተ ቁጥር እኔ የለሁበትም።» ዓይኗ ከሳምራዊት አልተነቀለም። «ለእኔ ጻፈው ማለት ምን ማለት ነው? ቀበረው እኮ! አንብቤዋለሁ! ኩቹ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ጎረቤቱ ያለቅሳል፣ ከዚያ የውሃ ፈረቃ ደረሰ ተብሎ ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ይሮጣል። ሬሳውን ትተውት ይሮጣሉ! መሳቂያ አድርጎት ነው የቀበረው!»

«እሱ ሦስተኛው ገጽ ነው» አለ ላጲሶ። «ይህን ለእኔም ነግረውኝ ነበር፤ ኩቹ ከተቀበረ በኋላ ብለው። ሙሉውን ካነበቡት አንዳቸውም ‹ተቀበረ› አላሉም።»

ስልኩን አራተኛው ገጽ ላይ ከፍቶ ከፊቷ አኖረው።

ለተብርሃን አነበበች። መጀመሪያ በልቧ፤ ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከዚያ ሳታውቀው የአሥር ዓመቱ ልጅ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «‹ሄዳችሁ? ሁላችሁም ሄዳችሁ? እሺ። እኔ እኮ አልሞትኩም፤ ማን እንደሚቀር ላይ ብዬ ነው። በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማወራው እኔ ነኝ።›»

ድምፁ ተቋረጠ። ጸጋአብ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ሊነግረኝ ነበር» አለች ለተብርሃን። አሁን የወጣው ድምፅ የልጅ አልነበረም፤ ማንም ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀው ደረቅ የትልቅ ሴት ድምፅ ነው። «ወረቀቱን ፊቱ ላይ ሳውለበልብ ሳቀ። ሲስቅ አሳለው። ‹ለተይ፣ አራ... አራ...› አለ። አራት ቃልሽን እያለ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። አራተኛውን ገጽ ሊለኝ ኖሯል! ወረቀቱን ሲይዝብኝ ቀምቼው፣ ኢንሄለሩን ከሸሚዙ ኪስ ሲያወጣ ከእጁ ነጠቅሁት። ወጥቼ በሩን በጀርባዬ ተደገፍኩት። ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ ድምፅ ማጣት ምን እንደሆነ ይወቀው ብዬ ነው። ምንም አይሰማም ነበር። ሲደበድበው ግን በጀርባዬ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቆመ። ተረጋጋ ብዬ አሰብኩ። ስከፍተው...»

«ለምን አልጮኽሽም?» አለች ሳምራዊት እያለቀሰች። «ለምን አልጠራሽንም?»

«አልወጣልኝም» አለች ለተብርሃን። «አፌን ከፍቼ ነበር። ምንም አልወጣም። መድኃኒቱን ጃኬቱ ውስጥ ከተትኩና ወረድኩ። ወረቀቱን በጣጥሼ ሽንት ቤት ለቀቅሁት።»

ደጀኔ ተነስቶ አጠገቧ ሄደ። እጁን ትከሻዋ ላይ ሊያሳርፍ ዘርግቶ መሃል ላይ ተወው፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

ላጲሶ ራሱ ይዟት ወጣ። ካቴናውን ደረጃው ላይ አላደረገባትም። መብራት ገና ስላልመጣ ደረጃው ጨለምለም ብሏል፤ ከታች የጋራዦቹ መዶሻ ይሰማል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ለተብርሃን ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችው። «ሲደበድብ በሩን ብከፍትለት ኖሮ፣ መድኃኒቱን መልሼ ብሰጠው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

በሃያ ሦስት ዓመት ሥራው ላጲሶ ይህን መሰል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተጠይቋል። ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው» ብሎ ያልፈው ነበር። ፊቷን አየ፤ መዋሸት አቃተው።

«ይተርፍ ነበር» አላት።

ለተብርሃን ራሷን ነቀነቀች። የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯ የሚረግጠውን የማታምን ይመስል፣ አንድ በአንድ መውረድ ጀመረች።