ጓሳ ላይ ሞተሩን ያነሳልኝ ሰው

እኔ ወዳጄ በእንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ አሁንም ማመኔን እንጃ፣ ሰዎች ጥላ ተከተለኝ፣ ከኋላዬ ስሜን ጠራኝና ዞር ስል ማንም የለም ሲሉኝ ስቄ ያለፍኩ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ሞተር ሳይክል መጠገን ነው፣ የሚንኳኳ ነገር ከሰማሁ ብሎን ላልቷል እላለሁ እንጂ ሌላ ነገር አላስብም። ስለዚህ ስነግርህ መሳቅ ካማረህ ሳቅ፣ አልቀየምህም፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ያየሁት ነገር አይደለም፣ አለቃችን ነው፣ ድምፁ ትዝ ሲለኝ ራሱ ደሜ ይፈላል።

ነገሩ በዚያ በግምገማው ዘመን ነው፣ ሰው ሁሉ ስብሰባ ላይ እየተነሳ ጓደኛውን ኪራይ ሰብሳቢ በሚልበት ጊዜ። መሐል ሜዳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ተወው፣ መካኒክ ነበርኩ። ለመስክ ሥራ ሁለት ሞተሮች ነበሩን። አንደኛዋ አሮጌዋ ቀይ ናት፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች፣ ነገር ግን ብትወድቅ አንድ ሰው ብድግ ያደርጋታል፣ ደግሞ ምንም አትደብቅህም፣ ከኋላህ ሰው ሲቀመጥ ወዲያው ድምፅዋ ይወፍራል፣ ሲወርድ ይቀልላታል። ሁለተኛዋ የቻይና ሥሪት ናት፣ የላሜራዋ ኳኳታ ከሩቅ ይሰማል፣ ጉም ከነካት ካንዴላዋ ረጥቦ ቀጥ ትላለች። በኋላ አንድ ፕሮጀክት ሦስተኛ አመጣልን፣ ጥቁር፣ ሽንጣም፣ ታንከሩ የበሬ ደረት የሚያህል፣ አለቃችን ገና ሲያየው ዐይኑ በራ።

«ይኼን እናስቀርና ሁለቱን ለዞን እንመልሳለን» አለ።

የሚቀረው ሞተር የሚሰጠው ለጽጌ ነው። ጽጌ የእንስሳት ጤና ባለሙያችን ናት፣ ቀጭን ልጅ፣ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል፣ ያን ሰሞን ጊሼ ላይ የበግ በሽታ ገብቶ መድኃኒት እየጫነች በጓሳ አድርጋ ራቤል ትመላለስ ነበር። ጓሳን ታውቀዋለህ፣ የሣር ተራራ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ያኔ ደግሞ ተከልክሎ ነበር፣ ሣሩ እስኪበስል ማንም ዝር እንዳይል ሕዝቡ ቆርጧል፣ በግ የለ፣ አጫጅ የለ፣ ብትጣራ የሚሰማህ ሰው የለም። እኔም «ይኼ ሞተር እዚያ ላይ ቢወድቅባት ማን ያነሳላታል?» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም፣ እመነኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ አንተ ለውጥ አትወድም» አለኝ አለቃው፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው። «ራስህ ውሰደው፣ ብቻህን ራቤል ደርሰህ ና፣ ያኔ ትናገራለህ።»

በንዴት ተነስቼ ሄድኩ።

እውነቱን ልንገርህና ሞተሩ ሞተር ነው። ቀይዋ በአንደኛ ማርሽ እያለቀሰች የምትወጣውን ዳገት እሱ በሦስተኛ እየተዝናና ይወጣዋል፣ ፍሬኑን ነካ ስታደርገው እንደ ሰለጠነ በቅሎ ባለህበት ይቆማል፣ ኮረኮንቹን አሞርዛተሩ ይውጠዋል፣ ወገቤ አልተሰማኝም። የጠላሁት አንድ ነገር ነው፣ አይነግርህም። ቅጠል ጫንክበት ድንጋይ ጫንክበት ድምፁ ያው ነው። ራቤል ምሳዬን በልቼ ስመለስ ግን እያፏጨሁ ነበር፣ ሞተሩን ለአለቃው ምን ብዬ እንደማማው ጠፍቶኝ ደግሞ ተናድጃለሁ።

ጓሳ ላይ ጉሙ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ገና ብርሃን አለ፣ ነገር ግን ከፊት ጎማዬ ወዲያ ምንም አይታየኝም። መነጽሬን ልወልውል ብዬ ቆምኩ፣ እግሬን መሬት ነው ብዬ ያሳረፍኩበት የሣሩ ሥር ጉድጓድ ኖሯል፣ ያ ሬሳ የሚያህል ሞተር ቀስ ብሎ ዘመመና እግሬ ላይ ተኛ። በግንባሬ ተደፋሁ። ቤንዚኑ እየተንጠባጠበ ሱሪዬን አራሰኝ። ብገፋው አልነቃነቅ አለኝ፣ ደግሜ ገፋሁት፣ ከዚያ አለቃውን መሳደብ ጀመርኩ፣ የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጨርሼ ድምፄ እስኪዘጋ ተሳደብኩ፣ ብርዱም ገባኝ፣ ያኔ ፈራሁ።

መጀመሪያ ሽታው ነው የመጣው። እርጥብ የበግ ጠጉር፣ ከሱፍ የተሠራ ባና ዝናብ ሲመታው የሚሸተው ሽታ። ቀጥሎ ሣሩ ሲረገጥ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ የሽማግሌ እርምጃ። አንገቴን ጠምዝዤ ያየሁት የጥቁር ባና ጫፍ ብቻ ነው። ሞተሩ ከእግሬ ላይ ተነሳ። ወዳጄ፣ እንደ ትራስ ነው የተነሳው፣ ማቃሰት የለ፣ መንገዳገድ የለ።

አሁን የእኛን አገር ሰው አመል ታውቃለህ፣ መንገድ ላይ የረዳህን ሰው ወዴት ነህ ሳትል፣ ሳታሳፍር አትሄድም፣ ነውር ነው። እኔም ፊቱን ሳላይ፣ ጭቃዬን እያራገፍኩ፣ አፌ ለምዶበት «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ ይሳፈሩ» አልኩ።

ቀና ስል ማንም የለም። ሞተሩ በእግሩ ቆሟል። መንገዱም ጉሙም ባዶ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ወደ ጎን ወጣ ብሎ ይሆናል ብዬ «አባቴ!» እያልኩ ተጣራሁ፣ የሚመልስልኝ ባጣ ጊዜ ተቀምጬ አስነሳሁት።

ትንሽ እንደሄድኩ ስፖኪዮው ከመንገዱ ይልቅ ሰማዩን እንደሚያሳየኝ አየሁ። ከኋላ ሰው ተቀምጦ ኋላው ረገብ ሲል መስታወቱ ወደ ላይ ይቀናል፣ ይኼን ማንም ነጂ ያውቀዋል። ድምፁን አዳመጥኩ፣ ያው ነው፣ ቀይዋ ብትሆን ኖሮ ገና ድሮ በነገረችኝ። የባናው ሽታ ከአንገቴ አልለይ አለ። ዞር ብዬ ማየት ግን አልቻልኩም፣ ፈሪ በለኝ፣ አልቻልኩም። ከተማው ሊታይ ሲል ካለችው ድልድይ ስደርስ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ፣ ተሳፋሪ አውርደኝ ሲልህ እንደሚያደርገው። ቆምኩ። ኋላው ብድግ አለ፣ አሞርዛተሩ ሲተነፍስ በጆሮዬ ሰማሁት፣ መስታወቱም መንገዱን ማሳየት ጀመረ።

ግቢ ስገባ ጽጌም አለቃውም ነበሩ። ሞተሩ ከፊት እስከ ኋላ ጉም አርሶታል፣ የኋላው መቀመጫ ላይ ግን አንድ ሰው የሚቀመጥበት ያህል ቦታ ደረቅ ነው። ሳሳያቸው አለቃው መቀመጫውን በሙሉ በመሐረቡ ወለወለውና «የምን ደረቅ ነው?» አለኝ። በስመ አብ፣ እጁን ብቆርጠው ደስ ባለኝ።

«ወድቄበታለሁ፣ የሚነሳ ሞተር አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ማን አነሳልህ?»

ምን ልበለው? ጎንበስ ብዬ የሱሪዬን ጭቃ መፋቅ ያዝኩ።

«ጓሳ ተከልክሏል፣ ሰው የለበትም፣ ማን ያነሳላታል ያልከንም አንተ ነህ። ስለዚህ ብቻህን አንስተኸዋል ማለት ነው። አንተ በዚህ ዕድሜህ ካነሳኸው እሷም ታነሳዋለች» አለና ቁልፉን ለጽጌ ሰጣት። ልብ አድርግ፣ ያ ሰው ሞተሩን ያነሳልኝ እኔን ሊረዳ ነው ወይስ አለቃውን ሊጠቅም? እዚያው ባድር ይሻል ነበር እስከ ማለት ደረስኩ። ቀይዋንም የቻይናዋንም በነጋታው ጭነው ወሰዷቸው።

ጽጌን ለብቻዋ ጠርቼ ሁሉን ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ታዲያ እኔንም ቢያነሳልኝ ምን ልበለው ጋሼ?»

«እግዜር ይስጥልኝ በይና ዝም በይ። ይሳፈሩ እንዳትዪ።»

በሚቀጥለው የመስክ ቀኗ ሥራ አልሠራሁም፣ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በጭቃ ተለውሳ ግቢ ገባች፣ ገና ሳያት አወቅሁ።

«ወደቅሽ?»

«ወደቅሁ» አለች እየወረደች። «አነሱልኝ። ጋሼ፣ እንዳልከኝ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ፣ ከዚያ ግን ይሳፈሩ የሚለው ከአፌ አመለጠኝ፣ ሽማግሌ ሰው መንገድ ላይ እንዴት ጥዬ ልሂድ?»

«ድልድዩ ጋ ትከሻሽን ነካ አላደረገሽም?»

«ማን? የነካኝ የለም።»

ሞተሩን አየሁት። እሷ ወርዳ አጠገቤ ቆማለች፣ መድኃኒቱን ራቤል አራግፋለች፣ ኋላው ግን እንደተጫነ ነው፣ ጎማው ጭቃው ውስጥ ሰምጧል። መቀመጫው ላይ እጄን አሳረፍኩ፣ ደረቅ ነው፣ ሞቅም ይላል። ቤቷ ጠጋ ያለ ነው፣ ነገ በጠዋት ስለምትወጣ ሞተሩን ይዛው ልትሄድ ነው። አላፍርም፣ እነግርሃለሁ፣ ለባዶው መቀመጫ «አባቴ፣ ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም፣ ይውረዱ እንጂ» አልኩ፣ መጀመሪያ በልመና፣ በኋላ በቁጣ። አለቃው ከደጅ ሆኖ «አሞርዛተሩን እሷ ስትመለስ ታየዋለህ፣ ልጅቷን አታስፈራራት» አለ።

አሞርዛተሩ ምንም አልሆነም፣ ስንቱን የፈታሁ ሰው ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

ጽጌ ተቀመጠችና አስነሳችው። መስታወቱ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ከበሩ ስትወጣ እየሮጥኩ «አልከበደሽም?» አልኳት።

«ኧረ ምንም አይል» አለችኝ፣ «ብቻዬን ያለሁ ነው የሚመስለኝ።»