ሎሌው ያየው

የመዝገብ ቤቱ አዛውንት ጠባቂ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ሰነድ ክፍሉ ውስጥ ሞተው ተገኙ። ያፈናቸው ወረቀት የሚበላውን ብል ለመግደል በየሳምንቱ የሚለቀቀው ጋዝ ነው። ጋዙን የሚለቀው ደግሞ ሰው አይደለም፤ ብራውዘር ከፍቶ፣ የክፍሉን ካሜራ የሚያሳየውን ገጽ አንብቦ፣ የታዘዘውን የሚጫን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። የቤቱ ሰዎች «ሎሌው» ይሉታል። ሎሌው የሚሠራው በጽሑፍ መመሪያ ሲሆን፣ መመሪያውን የምትጽፍለት የሟቹ የእህት ልጅ ናት።

መመሪያ ጸሐፊዋ አስከሬኑ ከወጣ ጀምሮ እህል ውሃ አላለችም። አሳድገው ለቁም ነገር ያበቋትን አጎቷን የገዛ ጽሑፏ የገደላቸው መስሏታል። «ካሜራው ላይ ሰው ካየህ ቁም፤ ሰው ጥራ» የሚለው መስመር ከመመሪያው ጠፍቷል። የለውጦች መዝገቡ ትናንት በሰባት ሰዓት፣ በእሷ ስም እንደተሰረዘ ይናገራል። እንዳልሰረዘችው ታውቃለች፤ ግን ሰው ሲጨንቀው ራሱንም አያምን። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር አጎቷ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነው ዝም ብለው ያይዋታል።

መርማሪዋ ጠጉሯ ገብስማ የሆነ፣ ጥድፊያ የማታውቅ ሴት ነበረች። ከሟቹ ኪስ የወጣውን የሰነዶች ዝርዝር አንብባ አጥፋ ያዘችው። ሎሌውን የሚከታተለው ፕሮግራመር በምሳ ሰዓት ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ክፍት እንደሚቀሩ ነገራት። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጉልበቱን ስለሚያመው በምርኩዝ እየተደገፈ መጣና ምርመራው ቶሎ እንዲያልቅ ጠየቀ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችው። «ጠዋት የት ነበሩ?»

«ከቢሮዬ አልወጣሁም። ልጅቷ ተሳስታ ነው። ማሽን እንደሆነ ጭፍን ነው፤ ተጫን ሲሉት ይጫናል እንጂ ምን ያያል?»

መርማሪዋ ይህን በማስታወሻዋ ጻፈችና ወደ ጸሐፊዋ ሄደች። መመሪያ እንዴት እንደሚጻፍ እንድታስተምራት ለመነቻት።

«ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው» አለች ጸሐፊዋ። «ሰው ‹እንደተለመደው አድርግ› ቢሉት ይገባዋል፤ ሎሌው ግን ትናንት የለውም፤ ያልተጻፈለትን አያውቅም ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ምን እንደሚጫን፣ መቼ እንደሚቆም፣ ሁሉን እጽፍለታለሁ። ከመጫኑ በፊትም በኋላም ያየውን እንዲጽፍ አዝዘዋለሁ።»

«ያየውን የት ያኖረዋል?»

«ለብቻው ይቀመጣል። ስህተት ስናርም እኔና ፕሮግራመሩ እንከፍተዋለን፤ ሌላ ሰው መኖሩንም አያውቅ።» አቀረቀረች። «ዛሬ ልከፍተው አልደፈርኩም። ፕሮግራመሩም ለእኔ ብሎ ተወው።»

ከሰዓት በኋላ ጸሐፊዋ፣ ፕሮግራመሩና ኃላፊው በንባብ ክፍሉ ተሰበሰቡ።

«አጥፊው መቆሚያውን መስመር ሰረዘ» አለች መርማሪዋ። «ከሱ በላይ ያለውን፣ ‹ያየኸውን ጻፍ› የሚለውን ግን አልነካም። ከጸሐፊዋና ከፕሮግራመሩ አንዳቸው ቢሆኑ ኖሮ አስቀድመው የሚያጠፉት እሱን ነበር፤ ሎሌው እንደሚመሰክር ያውቃሉና። ምስክር ትቶ የሚሄድ፣ ያየው እንደሚቀመጥ የማያውቅ፣ ያ መስመር ከጠፋ ማሽኑ ጭፍን ነው ብሎ የሚያምን ሰው ብቻ ነው።»

ፕሮግራመሩ የሎሌውን መዝገብ ከፍቶ አነበበ። «አራት ሰዓት ከአንድ። ካሜራው ላይ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ሽማግሌ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ፋይል ይፈልጋል። ሌላው ምርኩዝ ይዟል። ምርኩዝ የያዘው ወጥቶ በሩን ከውጭ ቆለፈ።»

መርማሪዋ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የተዘረዘሩት ከመዝገብ ቤቱ ወጥተው ያልተመለሱ ሰነዶች ነበሩ፤ የወጡትም ሁሉ በኃላፊው ፊርማ ነው። ሽማግሌው ለበላይ አካል ሊያሳዩት መሆናቸውን ከግርጌው ጽፈዋል።

«ፋይል ፈልጉልኝ ብለው በጋዙ ሰዓት አስገቧቸው» አለች። «ከዚያ ዓይንዎን በጨው አጥበው ከቢሮዬ አልወጣሁም አሉኝ። ይባስ ብለው ደሙን በልጅቷ ስም ጻፉት።»

ፖሊሶች ኃላፊውን ወሰዱት።

ፕሮግራመሩ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ጸሐፊዋ እጁን ያዘችው። ይቅርብሽ አላት፤ አልሰማችውም። ቀሪውን ራሷ አነበበችው።

«ጋዙ ተለቋል። ሽማግሌው በሩን በሁለት እጁ እየመታ ነው። መመሪያው በር ስለሚመታ ሰው አይናገርም። ቀጥያለሁ።»

«ይህን አልጻፍኩለትም» አለች ጸሐፊዋ።

መርማሪዋ ትከሻዋን ያዘች። «ልጄ፣ ይህን ማን ያስበዋል?»

«አጎቴ ያስቡት ነበር።»