ከዝርዝሩ የወጣው ውህድ

ሰኞ ማለዳ የመድኃኒት ምርምር ጣቢያው መጋዘን ጠባቂ የቀዝቃዛውን ክፍል በር ስትከፍት ወንፊትን ከበሩ ሥር አገኘችው። ጉልበቱን አቅፎ፣ ቅንድቡ ላይ አመዳይ ጋግሮ ሞቷል።

ወንፊት ያሉት ባልደረቦቹ ናቸው። ለአዲስ መድኃኒት ፍለጋ ከተከማቹት እልፍ ውህዶች ለሙከራ የሚያልፉትን የሚመርጠው እሱ ነበር። የመሞከሪያው ሳህን ያለው ሦስት መቶ ሃያ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ የተረፈው ገለባ ነው።

የፖሊስ መርማሪዋ በሩን ደጋግማ ከፈተች፣ ዘጋች። የውስጡ እጀታ ከተሰበረ ወር አልፎታል። የውጩ መቀርቀሪያ ግን በራሱ አይወድቅም።

«ሰው ነው የቀረቀረበት» አለች። «ቅዳሜና እሁድ ቁልፍ የነበረው ማነው?»

«ሦስታችን» አለች ጠባቂዋ። እሷ፣ ኬሚስቱና የኮምፒዩተር ባለሙያው ማለቷ ነው። ሦስቱም ቤታችን ነበርን አሉ።

ወንፊት ዓርብ ዕለት የፈረመበት ዝርዝር መሳቢያው ውስጥ ተገኘ። በኮምፒዩተሩ ያለው ግን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ተለውጧል፤ ተጥሎ የነበረ አንድ ውህድ ተመልሷል። መርማሪዋ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች።

«የእህቴ ነው» አለ የኮምፒዩተር ባለሙያው። «ካረፈች ዓመቷ ነው። የመጨረሻ ሥራዋ ነበር።»

«ለምን ተጣለ?»

«ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ይጣበቃል። ሲሞክሩት ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ይመስላል፤ ለአንዱም አይሆን። ወንፊት ልክ ነበር።»

«ልክ ይሁና!» አለች ጠባቂዋ። «ብልቃጡ ላይ ያለው የእጅ ጽሕፈቷ ነው። ጓደኛዬ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ስገባ ከመደርደሪያው ኋላ ያለች ይመስለኛል።»

ኬሚስቱ የሟቿ ባል ነበር። ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሦስቱን በወንፊት ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ሦስታችሁም ትወዷት ነበር። ስለዚህ የገባው ውህድ ማንንም አይጠቁመኝም» አለች። «እኔ የፈለግሁት የወጣውን ነው። አንድ ሲገባ አንድ መውጣት አለበት። ጠባቂዋ ብትሆን ጥሩውን ከመጥፎው ስለማትለይ የመጨረሻውን ትሰርዝ ነበር። የኮምፒዩተር ባለሙያው ቢሆን ደካማውን ለይቶ ይጥል ነበር። የወጣው ግን ከመሃል ነው፤ ያውም ከምርጦቹ አንዱ።» ወደ ኬሚስቱ ዞረች። «የእርስዎ ነው። ከዝርዝሩ ያለፈልዎት እሱ ብቻ ነበር። ስድስት ዓመት ለፍተውበታል። የሌላ ሰው ላብ መንካት ግን አልሆነልዎትም።»

«ጋሼ!» አለ የሚስቱ ወንድም። «አይደለም በላቸው እንጂ!»

ኬሚስቱ ቀስ ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ብልቃጧን ሊያስወግድ ሲገባ ተከተልኩት። ለመንኩት። ‹ሞታለች እኮ፣ ተዋት› አለኝ። ነጥቄው ወጣሁና ቀረቀርኩበት። ላስፈራራው ብዬ ነው።»

«ከዚያስ?»

«እዚሁ ተቀምጬ ዝርዝሩን አስተካከልኩ። ያንኳኳ ነበር። እንደጨረስኩ ልከፍትለት አስቤ ነበር። ስጨርስ ግን ዓይኑን የማይበት ወኔ አጣሁ፤ ሄድኩ።» ወደ በሩ ዞረ። «ቤቴ ከገባሁም በኋላ ማንኳኳቱን አልተወም። እሁድን ሙሉ የገዛ በሬን ስከፍት ዋልኩ። ማንም የለም።»