የሙሐመድዘይን ሦስት አፎች

የክትባት ዘመቻ አስተባባሪው ሙሐመድዘይን አርብ ጠዋት ከሚሴ ውስጥ በተከራያት ክፍል ሞቶ ተገኘ። ፀሐይ ሳይሞቅ ከተማው ገዳዩን ለይቶ ጨርሷል፦ የነርስ ነጅዋ ክትባት!

ነጅዋ ሬሳው አጠገብ ቆማለች። ከግቢው ውጭ ሕዝቡ ስሟን እየጠራ ይጮኻል። ድንጋይ ቆርቆሮውን መታው።

ኢንስፔክተር ዓዲላ ከሬሳው ቀና አለች። «ከንፈሩ ከውስጥ ቆስሏል፤ ትራሱም ደም ነክቶታል። ታፍኖ ነው የሞተው።»

«ማሎ፣ በአላህ ውጪና ንገሪያቸው!» አለች ነጅዋ።

«ፖሊስን ማን ያምናል? የሚታመኑት እነዚህ ናቸው።»

ሟቹ የክትባቱን መልእክት ቶሎ እንዲያዳርሱ የመረጣቸው ሦስቱ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈዋል፦ ፀጉር ሠሪዋ መሪማ፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪው ሪድዋን፣ የሰንበቴ ገበያው የከብት ደላላ ኸይረዲን። ሙሐመድዘይን የማን ወሬ ቶሎ እንደሚዳረስ ሦስት ወር በላፕቶፕ አስልቶ ነው የደረሰባቸው፤ ቢጠይቅ ኖሮ ማንም የከሚሴ ሰው በነፃ ይነግረው ነበር።

«ምን ሰማሽ? ከማን?» ስትል ዓዲላ መሪማን ጠየቀች።

«መርፌ ገደለው ሲባል፤ ከሪድዋን» አለች መሪማ።

«አንተስ?»

«ሐሙስ ተወግቶ ሞተ ብለው ጋሽ ኸይረዲን ደወሉልኝ።»

«እርስዎስ?»

«ሐሙስ አስር ሰዓት ግራ ክንዱን ተወግቶ ሞተ ብላ መሪማ ነገረችኝ።»

«እኔ? ወላሂ ውሸት!»

«ወሬው ክብ ዞረ» አለች ዓዲላ። ከሟቹ ኪስ ያወጣችውን የክትባት ካርድ ለነጅዋ አሳየቻት። «ሐሙስ አስር ሰዓት፣ ግራ ክንድ ይላል። በዚህ ሰዓት ወግተሽዋል?»

ነጅዋ ካርዱን አየችው። «አልወጋሁትም። መርፌ ይፈራ ነበር። ሰውን ተከተቡ እያልኩ እንዳላፍር ብሎ ለመነኝ፤ ትናንት አመሻሽ ላይ የሐሰት ካርድ ጽፌ በእጁ ሰጠሁት።»

ዓዲላ ወደ ኸይረዲን ዞረች። «ወሬ በየአፉ ሲያልፍ ይሳሳል። መሪማ ሰዓቱንም ክንዱንም አታውቅም፤ ታዲያ ከየት አምጥታ ትነግርዎታለች? መወጋቱ ደግሞ ያልተደረገ ነገር ነው፤ ያለው ካርዱ ላይ ብቻ ነው። ካፈኑት በኋላ ኪሱን ሲፈትሹ አነበቡት፤ የሚያሳብቡበት አገኙ።»

«ከመልእክተኞቹ ሊያስወጣኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ ኸይረዲን። «ወሬህ ቶሎ ይደርሳል እንጂ ልክ አይደርስም አለኝ! ከባቲ እስከ ሰንበቴ ያለ እኔ ምን ይሰማል?»

ከዓዲላ ጋር የመጣው ፖሊስ እጁን አሰረው። መሪማና ሪድዋን ወጥተው እውነቱን ለሕዝቡ እንዲናገሩ ዓዲላ በሩን ልትከፍትላቸው ስትል መሪማ ወደ ነጅዋ ጠጋ አለች።

«የካርዱንም ልናገር? ሥራሽን ያሳጣሻል እኮ፣ ልጄ።»

ሌላ ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ ወደቀ።

«ተናገሪ።»

«መርፌ ይፈራ እንደነበርስ?»

«እሱንም። ግን እትዬ፣ አልወጋችውም የሚለውን አስቀድሚ፤ ሌላው በመንገድ ቢቀር ይቅር።»