ማነቂያ ላይ የተዳፈነው እሳት

በቅሎዋ እግሯን አንሥታ አላወርድም አለች።

አያ አወቀ ልጓሟን ሳቡ፤ ተቆጡ፤ ለመኑ፤ በመጨረሻም ሰደቧት። እሷ ግን የቀኝ ኮቴዋን አንጠልጥላ፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጥፋ፣ የማለዳውን ጉም እያሸተተች ቆማ ቀረች።

«ምነው ዛሬ? ምን ታይቷት ነው?» አሉ ሽማግሌው።

ሪሃና ከኋላ መጥታ ጎንበስ አለች። በበቅሎዋ እግር ሥር ያለውን የበሰበሰ ቅጠል ገለጥ አድርጋ ጣቶቿን ወደ አፈሩ አስገባች፤ ወዲያው መንጭቃ ወደ አፏ ወሰደቻቸው። አፈሩ ይፋጃል።

«አያ አወቀ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እሳቱ አልጠፋም።»

ሪሃና የጎንደር የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ዐብዱልከሪም ሱቄን ትረከባለች ብለው ሲጠብቁ፣ እሷ ደን ተምራ የላይ አርማጭሆ የደን ባለሙያ ሆነች። «ጣቃ ትታ እንጨት ቆጣሪ ሆነች» እያሉ እስከ ዛሬ ያላግጡባታል። በዘጠና አምስቱ ድርቅ፣ በመጋቢት፣ ከትክል ድንጋይ በላይ ጽዳማ በሚባለው ደን እሳት ተነሣ፤ ማር ቆራጭ ንብ ሊያጨስ ለኩሶ የተወው ጭራሮ ነበር። አገሬው ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ነቅሎ ወጣ። ነበልባሉን በእርጥብ ቅርንጫፍ ደብድቦ ጣለው። ከዚያ ማንም ሳያዘው፣ ሁሉም ቤቱ ማታ ማታ የሚደረገውን አደረገ፤ ፍሙን በአፈርና በብስባሽ ቅጠል ዳፈነው። ሪሃናም አብራ ዳፈነች። ጭሱ ሲቆም ድንጋይ ላይ ወጥታ «ጠፍቷል! ከብቶቻችሁን መልሱ!» አለች። ሕዝቡ መረቃት፤ እሷም ምርቃቱን ደስ ብሏት ተቀበለች።

እሳት ማታ የሚዳፈነው ለምን እንደሆነ ግን በዚያ ቀን ያሰበ አልነበረም። የሚዳፈነው እንዲጠፋ አይደለም፤ እንዲያድር ነው።

ጽዳማ በሦስት ወገኑ ገደል የሆነ፣ ወደ ቆላው የተዘረጋ ምላስ መሬት ነው። መግቢያውም መውጫውም አንድ ነው፤ አሁን የቆሙበት፣ ማነቂያ የሚሉት ጠባብ አንገት። ከምላሱ ጫፍ ላይ ጥቁር ውሃ የሚባል ምንጭ አለ። በዚያ ድርቅ ያልነጠፈው ምንጭ እሱ ብቻ ስለነበረ፣ የአያ አወቀ ልጅ ፅዮን የመንደሩን ከብት ይዛ እዚያው ጎጆ ቀልሳ ከርማለች፤ በእሳቱ ጊዜ ወጥታ፣ ‹ጠፍቷል› ሲባል ከጥቂት ቀናት በፊት ተመልሳለች። ሽማግሌው ዛሬ የመጡት ስንቅ ሊያደርሱላት ነበር። ሪሃና ደግሞ የተቃጠለውን ቦታ አይታ ልትመለስ።

«ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሳንጃ ቆላ በኩል ሽቅብ ይነሣል፣» አለች ሪሃና። «ያን ጊዜ ከሥር ያለው ወደ ላይ ይወጣል።»

«ፅዮንስ?»

አያ አወቀ አዩዋት። «ከብቱን መልሱ ያልሽን አንቺ ነሽ» አላሉም። ባይሉም ግን ሰማችው።

«እንሂድ በያ» አሉና በቅሎዋን በሌላ ወገን አዙረው አስገቧት።

ጉሙ ወፍራም ነበር። በሌላ ዓመት ቢሆን በጽዶቹ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለው ፀጉር መሰሉ የዛፍ ሽበት ጉሙን እያጠመደ ጠብ ጠብ ያደርገዋል፤ ጥቁር ውሃም የሚጠጣው ያንን ነው። ዘንድሮ ሽበቱ ደርቆ፣ ሲነኩት ብን ይላል። ጉሙና ጭሱ ስለተቀላቀሉ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። አያ አወቀ ዱላቸውን ከፊት እያስቀደሙ መሬቱን እየወጉ ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ ዱላው እስከ ክንድ ይሰምጥና ከጉድጓዱ ትኩስ እንፋሎት ይወጣል።

ከፊታቸው አንድ ጽድ ወደቀ። ነፋስ የለም፣ መጥረቢያ የለም፤ አረንጓዴ እንደሆነ ዝም ብሎ ዘመም አለና መሬቱን አናወጠው። ሥሩ ከታች ተበልቶ አልቋል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ከመሬቱ ሌላ ወደ ላይም ማየት ጀመሩ።

ገደሉን ታክኮ የሚሄደው ቀጭን መንገድ ላይ ሲደርሱ አውሬው ሁሉ ወደ እነሱ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ አለፉ። ቀጥሎ ድኩላ፣ ሰው መኖሩን እንኳ ሳያይ። በቅሎዋ ማንኮራፋት ጀመረች።

«አትነቃነቂ፣» አሉ አያ አወቀ በሹክሹክታ።

ነብሩ ከመታጠፊያው ላይ ብቅ አለ። በአንድ ወገኑ ግድግዳ፣ በሌላው ገደል፣ መሐል ላይ እነሱ። ጥርሱን አሳየ። የሪሃና ከንፈር «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ይላል። አያ አወቀ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ተለጠፉ፤ እሷንም በክንዳቸው ጫን አድርገው ለጠፏት። «አትዪው። መንገዱን ስጪው። እሱም እንደኛ የጨነቀው ነው።»

ነብሩ ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ እየጎተተ፣ ከጀርባቸው አለፈ። ትንፋሹን ባቷ ላይ ሰማችው። በቅሎዋ ግን የደንብ ነገር አታውቅም፤ ልጓሟን በጥሳ፣ ስንቁንም የሪሃናን ቦርሳም እንደተሸከመች ወደ መጡበት ፈረጠጠች።

ጥቁር ውሃ ሲደርሱ ጉሙ ተገፍፎ ፀሐይዋ አናት ልትደርስ ነበር። ፅዮን ከጎጆዋ ደጅ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከምታምጥ ጊደር ኋላ ተንበርክካ አገኟት።

«ልጄ፣ ተነሺ! ከብቱን ንጂ! ደኑ ሊነድ ነው!»

«ምነው አባቴ? ጠፍቷል አልተባለም እንዴ?» ሪሃናን አየቻት። «እርሷ አይደለች ያለችው?»

«ተሳስቻለሁ፣» አለች ሪሃና።

ፅዮን ወደ ጊደሯ ተመለሰች። «ይህችን ጥዬ አልሄድም። የጎረቤት አደራ ናት።» አባቷ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጃቸውን ያውቋታልና መልሰው ዘጉት። ሪሃና ጃኬቷን አውልቃ ከጎኗ ተንበረከከች። የጥጃው እግር ወጥቶ ነበር። ሦስቱም ሳቡ። እርጥቡ ጥጃ መሬት ሲወድቅ አያ አወቀ ሳይደርቅ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት፤ እናቲቱም እየጮኸች ተከተለች። ከብቱ ሁሉ እሷን ተከተለ።

ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ ነፋሱ መጣ። ሞቃት፣ የሳንጃ ሜዳ ትቢያ የሚሸት ነፋስ። ከኋላቸው የሆነ ነገር እፍ ሲል ሰሙ። ሪሃና ዞር ስትል ከመሬት የወጣ ነበልባል አንዱን የውጨና ዛፍ ከእግሩ እስከ አናቱ ሲልሰው አየች። ውጨና ዘይት ስላለው እርጥቡም ይነድዳል።

«ሩጡ!»

ማነቂያ ደረሱ። መንገዱ ግን ተዘግቷል። አዲስ የተቆረጡ የጽድ ግንዶች ከግድግዳው እስከ ገደሉ ተደርድረው አጥር ሆነዋል። ከአጥሩ ወዲያ አህዮች ግንድ ተጭነው ከነነጂዎቻቸው ቆመዋል፤ አጥሩ ሥር ደግሞ ሰጠኝ ጠመንጃውን በግንዶቹ ላይ ደግኗል። ሰጠኝ ከዚሁ አገር የበቀለ ሰው ነው፤ ጽድ በስውር እየቆረጠ ወደ ቆላ የሚያወርድ። በቅሎዋ የባለሙያዋን ቦርሳ ይዛ ብቻዋን ስትወጣ ያየ ጊዜ፣ ሴትዮዋ ውስጥ መሆኗን ዐወቀና በሩን ዘጋ።

«ቁሙ!»

«ሰጠኝ! እኔ ነኝ፣ አወቀ!»

«ዐውቄዎታለሁ አያ። ከእርስዎ ጠብ የለኝም። ጭነቴ እስኪርቅ ግን እሷ ወዲህ አታልፍም።»

«እሳት እየመጣ ነው!» አለች ሪሃና።

ሰጠኝ ሳቀ። «የምን እሳት? እዚያች ድንጋይ ላይ ወጥተሽ ‹ጠፍቷል› ያልሽው አንቺ አይደለሽ? እኔም ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አሜን ብያለሁ። ያ ጭስ ያንቺ ፖሊሶች የለኮሱት ይሆናል።»

ሪሃና ሕግ ልትጠራበት ቃጥቷት ነበር። እስር ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከኋላዋ ከብቱ እየተጋፋ ያገሣል። ፅዮን ጊደሯን አቅፋ ታስላለች። አያ አወቀ ጥጃውን እንደተሸከሙ፣ ዓይናቸው ሪሃና ላይ ነበር።

«ያልኩት ስሕተት ነበር፣» አለች ጮክ ብላ። «ሕዝብ ፊት ተሳስቻለሁ። እሳቱን አላጠፋነውም ሰጠኝ፤ ዳፈንነው! ሚስትህ ማታ የምትዳፍነውን ጠዋት ስትገልጠው ምን ታገኛለህ? እኔን አትመን። እጅህን እግርህ ሥር አስገባ።»

ሰጠኝ አፈሙዙን ሳያወርድ ጎንበስ አለ። ግራ እጁን በግንዱ ሥር ወዳለው ብስባሽ ሰደደ። ፊቱ ተለወጠ። ሰጠኝ ብዙ ነገር ይባላል፤ ሞኝ ግን ተብሎ አያውቅም።

«መጥረቢያ!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ መጥረቢያ አምጡ! ክፈቱ!»

ሰዎቹ ግንዱን በመጥረቢያም በእጅም በትከሻም ተረባረቡበት። ሰጠኝ ለሳምንታት የለፋበትን ጽድ አንዴ አየውና በገዛ እግሩ ገፍቶ ወደ ገደል ለቀቀው። ከብቱ ጎርፎ ወጣ። ፅዮን ወጣች፤ አያ አወቀ ከነጥጃው ወጡ። ሪሃና የመጨረሻዋን ላም ስትመታ ከበላይዋ የሚሰነጠቅ ድምፅ ሰማች፤ ቀና ከማለቷ በፊት የሰጠኝ እጅ ክንዷን ጨብጦ ወረወራት። አንድ የሚነድ ጽድ ቆማ ከነበረችበት ላይ ወደቀ። ፍንጣሪው የሰጠኝን ጋቢ አቃጥሎት ነበርና ፅዮን በነጠላዋ አጠፋችለት።

እሪ ተባለ። አገሩ ከየአቅጣጫው ወጣ፤ ከትክል ድንጋይ ገበያ ሳይቀር። በዚህ ጊዜ ማንም አልዳፈነም። ሪሃና ከፊት ሆና፣ ብስባሹን ጠርጋ፣ ሥሩን አስቆርጣ፣ ቀይ አፈር እስኪወጣ አስቆፈረች፤ የሰጠኝ ሰዎች መጥረቢያ ከሁሉም በለጠ። ለቀናት ታገሉ። የምንጩ ዙሪያ እርጥብ ስለነበረ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ያለው የጽዳማ ግማሽ ግን ነደደ። ውጨናው ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ጽድ አያቆጠቁጥም፤ እነዚያን የሚያህል ጽድ ከቆሙት ሰዎች አንዱም ዳግም አያይም። ሪሃና ይህን ታውቅ ነበርና አመዱ መሐል ተቀምጣ አለቀሰች።

ትንሽ ዝናብ ጣለ፤ የደረቁትን ምንጮች ግን አልመለሰም። ጭስ ጠፋ። ከብቱ በውሃ ጥም መንደር ውስጥ መጮኽ ሲጀምር ሽማግሌዎች መጡ። «በይ እንግዲህ፣ ጠፍቷል በዪንና ወደ ጥቁር ውሃ እንመልስ።»

ሁሉም ያችን ድንጋይ አዩ። ሪሃና አልወጣችባትም።

«ፅዮን ወደዚያ ከመግባቷ በፊት እኔ ልደርበት፣» አለች።

ማነቂያ ላይ፣ በቅሎዋ እግሬን አላወርድም ባለችበት ቦታ፣ ብስባሹን ገለጠችና ምንም ሳታነጥፍ በጀርባዋ ተኛች። በመጀመሪያው ሌሊት ጀርባዋን ሞቃት፤ ተነሥታ አስቆፈረች። በማግሥቱም ከወገቧ በታች ያለውን ሞቃት፤ አሁንም አስቆፈረች። አያ አወቀ በየማለዳው እየመጡ ከራስጌዋ ይቆማሉ፤ ቆሎ ሰጥተዋት ይመለሳሉ። ቆሎ ሥጋ የሌለበት የጾም ምግብ ነውና ለክርስቲያኑም ለእስላሟም ይሆናል።

በአንዱ ማለዳ ሲመጡ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ምነው ልጄ? ታመምሽ?»

«በረደኝ አያ አወቀ፣» አለች ሪሃና። «ጀርባዬን በረደኝ።»

ሽማግሌው ተንበርክከው እጃቸውን ከጀርባዋ ሥር ወደ አፈሩ ሰደዱ። እዚያው ትንሽ አቆዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡላትና ወደ መንደሩ ዞረው ተጣሩ።

«ፅዮን! ኧረ ፅዮን! ከብቱን ንጂ!»