ስድስተኛዋ መርፌ

ኢክራም ስድስት ዓመቷ ነው። ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከእናቷ ከዘይነባ፣ ከአባቷ ከእንድሪስና ከትንሹ ወንድሟ ከሙኒር ጋር ትኖራለች።

ሙኒር ገና መራመድ አልጀመረም። እየዳኸ ግን ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። ዳዴ፣ ዳዴ፣ ዳዴ።

ክረምት ገባ። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ቤቱ ቀዘቀዘ።

«ለልጆቹ ወፍራም ብርድ ልብስ መስፋት አለብኝ» አለች እናቷ።

አዲስ ጨርቅ አልገዛችም። ያረጀውን የአባቷን ሸሚዝ፣ ኢክራምን ያጠራትን ቀሚስና የተቀደደ አንሶላ ከሣጥን አወጣች።

መጀመሪያ ሁሉንም አጠበቻቸው። «ቀለም የሚለቅ ካለ አሁን ይልቀቅ። ከተሰፋ በኋላ ከለቀቀ ሌላውን ያበላሻል» አለች።

ጨርቆቹ ሲደርቁ ከካርቶን አንድ አራት ማዕዘን ቆረጠች። ካርቶኑን ጨርቁ ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በደረቅ ሳሙና አሰመረች።

ከዚያ መቀሷን አነሳች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ካርቶኑ ለምንድን ነው?» አለች ኢክራም።

«ቁራጮቹ ሁሉ እኩል እንዲሆኑ ነው። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ከሆነ ብርድ ልብሱ ይጣመምብናል።»

እናቷ በእጅ የምትዘወር የስፌት መኪና አለቻት። ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻትና ቁራጮቹን እርስ በርስ ትሰፋቸው ጀመር። ጠርርር፣ ጠርርር።

ብርድ ልብሱ አደገ። ሲያድግ ደግሞ ከበደ።

ከትንሿ ጠረጴዛ ላይ ሸርተት አለ። ዱብ። ስፌቱን ጎትቶ አጣመመው።

እናቷ አነሳችው። ጠርርር፣ ጠርርር። ሸርተት። ዱብ።

«ይቺ ጠረጴዛ አልበቃችንም» አለች እናቷ፤ የደከመ ትከሻዋን እያሸች።

በማግሥቱ አባቷ አንድ አሮጌ የእንጨት በር ተሸክሞ መጣ። ጎረቤቶች የብረት በር ሲያስገቡ ያወጡት ነው።

«አባዬ፣ በር እኮ አለን» አለች ኢክራም።

«ይሄኛው በር አይሆንም» አለ አባቷ። «የእናትሽ ጠረጴዛ ይሆናል።»

በመጋዝ ቆረጠው። ገዝ፣ ገዝ፣ ገዝ።

አራት እግር መታበት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ኢክራም ምስማር አቀበለችው።

መሐሉ ላይ በስፌት መኪናዋ ልክ ቀዳዳ ከፈተለት። ከቀዳዳው ሥር አንድ ጣውላ አጋድሞ መኪናዋን እዚያ ላይ አስቀመጣት።

መኪናዋ ወደ ታች ገባች። የምትሰፋበት ቦታና ጠረጴዛው እኩል ሆኑ።

በመጨረሻ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ ፈተገው፣ ፈተገው። «ሻካራ ከሆነ ጨርቅ ይይዛል» አለ።

እናቷ ብርድ ልብሱን ዘረጋችው። ሸርተት አላለም። ዱብም አላለም።

«አልሐምዱሊላህ» አለች እናቷ። «ትከሻዬ አረፈ።»

ጠረጴዛው ጥግ ላይ በሱፍ የተሞላች ትንሽ ትራስ አለች። የመርፌዎች ቤት ናት፤ ስድስት መርፌዎች ይኖሩባታል።

እናቷ ሥራ ስትጀምር ትቆጥራቸዋለች። ስትጨርስም ትቆጥራቸዋለች።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት።

«መርፌ ወይ ጨርቁ ላይ ነው፣ ወይ ቤቱ ነው» ትላለች። «ሌላ ቦታ የለውም።»

«እኔም ልስፋ» አለች ኢክራም።

«አብረን እንሰፋለን። ብቻሽን ግን መርፌ እንዳትነኪ።»

«መቼ ነው አብረን የምንሰፋው?»

«ዛሬ። ይቺን ረድፍ ልጨርስና።»

ኢክራም ጠበቀች። ረድፉ ረጅም ነበር።

ድንገት ሰማዩ ጠቆረ። ጉርርር አለ።

«ልብሱ ሊረጥብብኝ ነው» አለች እናቷ። የተሰጣውን ልብስ ልትሰበስብ ወደ ጓሮ ሮጠች።

ሙኒር አልጋ ላይ ተኝቷል። አባቷ ገና ከሥራ አልተመለሰም።

ኢክራም ትንሿን ትራስ አየቻት። ስድስቱ መርፌዎች ብልጭ ብልጭ ይላሉ።

«አንዷን ብቻ» አለች በልቧ። «እናቴ ሳትመጣ እመልሳታለሁ።»

ስድስተኛዋን መርፌ ነቀለች። ቀጭን ናት፤ ከጤፍ የማትበልጥ ቀዳዳ አላት።

ክሩን ወደ ቀዳዳዋ አቀረበች። አልገባም። ጫፉን በምራቋ አረጠበችና እንደገና ሞከረች። አልገባም።

የጓሮው በር ሲጢጥ አለ። እናቷ መጣች።

ኢክራም ደነገጠች። መርፌዋ ከጣቷ አመለጠች።

የመቀስ ድምፅ ይሰማል። የመጋዝ ድምፅ ይሰማል። መርፌ ስትወድቅ ግን ምንም አይሰማም።

ኢክራም ጎንበስ ብላ ፈለገች። ጠረጴዛው ሥር የለችም። ወንበሩ ሥር የለችም።

እናቷ በሁለት እጇ ልብስ ታቅፋ ገባች። «ምን ጠፋብሽ?» አለቻት።

«ምንም።»

ምንም አለች እንጂ ልቧ ድው፣ ድው፣ ድው ይላል።

ሙኒር ነቃ። እናቷ ከአልጋ አውርዳ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችውና ልብስ ማጠፍ ጀመረች።

ሙኒር ዙሪያውን አየ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዳዴ፣ ዳዴ፣ ዳዴ።

የኢክራም ልብ ድው፣ ድው፣ ድው።

ሮጣ ከፊቱ ቆመች። ሙኒር በግራ በኩል ዞረ። በግራ ከለከለችው። በቀኝ ዞረ። በቀኝ ከለከለችው።

ሙኒር ጨዋታ መሰለው፤ ሳቀ። ኢክራም አልሳቀችም።

ብብቱን ይዛ አነሳችው። ከባድ ነው። ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው።

ሙኒር ተወራጨ። «እህህ» ብሎ አለቀሰ።

«ልቀቂው እንጂ፣ ይዳህ» አለች እናቷ። «ዛሬ ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

ኢክራም ወለሉን አየች። ወለሉ ሰፊ ነው። መርፌዋ ትንሽ ናት። የሙኒርን ጉልበት ደግሞ ልብስ አልሸፈነውም።

ወለሉ ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ እንደሚከትም ታውቃለች። ትናንት የሸሚዝ ቁልፍ ከአፉ አውጥተውለታል።

ደጁ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። አባቷ ነው። ጫማው በጭቃ ስለተለወሰ በር ላይ ሊያወልቀው ጎንበስ አለ።

አንዱን አወለቀ። ሁለተኛውን አወለቀ። ባዶ እግሩን ወደ ውስጥ አነሳ።

«አባዬ፣ አትግባ» አለች ኢክራም።

አባቷ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። እናቷ ልብሱን አስቀመጠች።

«መርፌዋ ጠፋች» አለች ኢክራም። «እኔ ነኝ። ክር ላስገባ ብዬ ወደቀችብኝ። ፈልጌ አጣኋት።»

እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ።

እናቷ አልጮኸችም። ፊቷ ግን ተለወጠ። ቶሎ ብላ ሙኒርን ከኢክራም ጭን አነሳችና አዘለችው።

«ማንም ሰው ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ» አለች። «ኢክራም፣ አንቺም እዚያው ሁኚ።»

ከዚያ መርፌዎቹን ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

ስድስት የለም።

አባቷ ጫማውን ጠርጎ መልሶ አደረገ። ከተበላሸ ሬዲዮ ያወጣው ማግኔት ነበረው፤ በገመድ አሠረውና ወለሉ ላይ ቀስ አድርጎ ጎተተው።

«ብረት ከሆነ ይይዘዋል» አለ።

ጠቅ።

ሁሉም አዩ። ምስማር ነው።

ጠቅ።

ሁሉም አዩ። የፀጉር ሽቦ ነው።

እናቷ ባትሪ አብርታ መብራቱን ወለሉ ላይ በአግድም ለቀቀችው። «እንዲህ ሲበራ ትንሽ ነገር ሁሉ ያብለጨልጫል» አለች።

የሆነ ነገር ብልጭ አለ። ኢክራም ትንፋሿን ያዘች።

የዝናብ ጠብታ ነው፤ ከልብሱ የተንጠባጠበ።

መርፌዋ የለችም። ውጭ ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል።

«ከተሰነጠቀው የወለል እንጨት ውስጥ ገብታ ይሆናል» አለ አባቷ።

«ሳላያት አልተኛም» አለች እናቷ። ድምፅዋ ቀጥኗል። ኢክራም እናቷ ስትፈራ አይታ አታውቅም ነበር።

እናቷ ኢክራም ፊት ተንበረከከች። «አብሽሪ፣ ልጄ። አልቆጣሽም። ስትወድቅ የት ነበርሽ?»

«ወንበሩ ላይ።»

«ምን ለብሰሽ?»

«ይህን ሹራብ።»

እናትና አባት ተያዩ። አባቷ ማግኔቱን አነሳና በእጁ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ኢክራም ሹራብ አስጠጋው።

በትከሻዋ በኩል። ምንም የለም። በክንዷ በኩል። ምንም የለም። በሹራቡ ጫፍ በኩል…

ጠቅ።

ስድስተኛዋ መርፌ ሹራቡ ላይ ተሰክታ ነበር።

ኢክራም መርፌዋን አየች። ጭኗ ላይ አጥብቃ ያቀፈችውን ሙኒርን አሰበች።

እናቷ ሙኒርን ከጀርባዋ አወረደችው። ልብሱን ገልጣ ሆዱን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ እግሮቹን አየች፣ አፉን ከፍታ አየች።

ደም የለም። ጭረትም የለም።

ሙኒር ሆዱ ሲነካ ኮረኮረውና ሳቀ።

እናቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ኢክራም አጠገቧ ሄዳ ቆመች። «እማዬ፣ ተቆጣሽ?»

«መርፌዋን ስትነኪ አጥፍተሻል» አለች እናቷ። «ስትጠፋ ደግሞ ያኔውኑ መንገር ነበረብሽ። መርፌ ሲጠፋ አይደበቅም። የሰበረም፣ የጣለም፣ ያጠፋም ቶሎ ይናገራል።»

«እንዳትቆጪኝ ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። ብቆጣም እናትሽ ነኝ። ቁጣዬ ያልፋል።»

በማግሥቱ አባቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ዙሪያውን በቀጭን እንጨት ከበበው። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከእንግዲህ መርፌም ሆነ ክር ተንከባሎ አይወድቅም።

ማግኔቱንም ጠረጴዛው ጥግ ላይ አጣበቀው።

እናቷ ለስድስቱም መርፌዎች ረጅም ቀይ ክር አስገባችላቸው። «ክር ያላት መርፌ ብትወድቅም ትታያለች» አለች።

ከዚያ ኢክራምን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ትልቋ እጅ ትንሿን እጅ ያዘች። መርፌዋ ወደ ታች ገባች፣ ወደ ላይ ወጣች።

የመጀመሪያው ስፌት ጠማማ ነበር። ሁለተኛውም ጠማማ ነበር። ሦስተኛው ትንሽ ቀና አለ።

«ልፍታቸው?» አለች ኢክራም።

«ይቅሩ። ጨርቁን ይዘዋል፤ አይፈቱም» አለች እናቷ።

መሸ። ሙኒር ግድግዳው ሥር ተኛ፤ ኢክራም ከጎኑ ጋደም አለች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ» አለች ኢክራም በቀስታ። «መርፌዋ ተገኘች። እኔ ግን አሁንም እፈራለሁ።»

«እኔም ገና ትንሽ እፈራለሁ» አለች እናቷ። «ፍርሃት እንደ መጣ ቶሎ አይሄድም። እስኪሄድ እዚህ እቀመጣለሁ።»

«ረጅም ጊዜ ቢፈጅስ?»

«ረጅም ጊዜ እቀመጣለሁ።»

ሙኒር በእንቅልፍ ልቡ ተገላበጠና እግሩን ኢክራም ሆድ ላይ ጣለ። እግሩ ሞቃት ነው።

ኢክራም አላነሳችውም። የእናቷን እጅ ያዘች፤ ዝናቡን አዳመጠች፤ ዓይኖቿም ቀስ ብለው ተከደኑ።